ጮኾ የሚነበብ ጽሑፍ፦ በሰመመን ሕክምና የአደጋ ጊዜ ዝርዝሮችና በኮምፒውተር አቀራረባቸው ላይ የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ልብ ወለድን፣ ግጥምን፣ ቢበዛ የታሪክ መጻሕፍትን ነው። ከሥራ መሣሪያዎች ጎን ተሰቅሎ የሚኖር፣ የደራሲው ስም የማይታወቅና አንድ ገጽ ብቻ የሚሞላ ጽሑፍ የሐያስያንን ዐይን አይስብም። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የታሰበው እንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና መካከል ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ የሰመመን ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው የሚገለገሉበት የማረጋገጫ ዝርዝር፣ በተለመደው አጠራሩ ቼክሊስት። አንባቢው በጭንቀት ላይ ያለ ሰው ነው። ጽሑፉ የሚነበብለት በሽተኛ ደግሞ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ስለ ራሱ አንዲት ቃል ሊናገር አይችልም። አሻሚ ዐረፍተ ነገር በልብ ወለድ ውስጥ ውበት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ በዓለም ላይ በጥንቃቄ መሔስ የሚገባው ጽሑፍ ቢኖር ይህ አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ነጥብ እንደሚከተለው ነው። የአደጋ ጊዜ ዝርዝር አንድ ሰው ጮኾ እንዲያነበው፣ ሌሎች ሰምተው እንዲፈጽሙትና መልስ እንዲሰጡበት የሚዘጋጅ ጽሑፍ ነው። ዝርዝሩን ከወረቀት ወደ ታብሌትና ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግሩ ነዳፊዎች ይህን ጠባዩን ከዘነጉ፣ መሣሪያው የቱን ያህል ብልህ ቢሆን ጽሑፉ ዓላማውን ይስታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበረራ የተወረሰውና የተዘነጋው

የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የዘር ሐረግ ብዙ ጊዜ ከበረራ ይመዘዛል። በ1935 ኦክቶበር 30 ቀን በኦሃዮ ግዛት፣ በዴይተን ከተማ አጠገብ በሚገኘው ራይት የአየር ሜዳ፣ ሞዴል 299 የተባለው የቦይንግ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለሙከራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። ሻለቃ ፕሎየር ሂልና የቦይንግ የሙከራ አብራሪ ሌስሊ ታወር በዚሁ አደጋ ሞቱ። ሞተሮቹ ጤነኞች ነበሩ። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ የመሪ ክንፎቹን ነፋስ እንዳያንቀሳቅሳቸው የሚይዘው መቆለፊያ ሳይፈታ መነሣቱ ነበር ምክንያቱ። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የሚያመሳክሩት አጭር ዝርዝር ተዘጋጀ። ቢ-17 የተባለው የዚያው አውሮፕላን ዝርያ ከ12,000 በላይ ተመርቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገልግሏል።

አቱል ጋዋንዴ በ2009 ባሳተመው ዘ ቼክሊስት ማኒፌስቶ በተባለው መጽሐፉ ይህን ታሪክ በዓለም አሠራጨው። ከእርሱ ቀደም ብሎም ዴቪድ ጋባና ባልደረቦቹ በ1994 ባሳተሙት በሰመመን ሕክምና የቀውስ አመራር መጽሐፍ የበረራን ልምድ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አምጥተውት ነበር። ይሁንና ታሪኩ ሲደጋገም የሚሰማው ስለ ወረቀቱ ነው። ከወረቀቱ ጋር አብሮ የተወለደው ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይመለከታል፣ ይነካል፣ ይመልሳል። ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ቀጣዩ መስመር አይነበብም። ሕክምናው ከበረራ ወረቀቱን በቀላሉ ወረሰ፤ ጥያቄና መልሱን ለመውረስ ግን ገና እየታገለ ነው።

ማስረጃው ምን ይላል?

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረገው ክርክር ሁለት የተለያዩ ጽሑፎችን ስለሚያደባልቅ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በማንኛውም ቀዶ ሕክምና ላይ የሚነበበው የዘወትር ዝርዝር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ያስተዋወቀው የዚህ ወገን ነው። በ2009 የታተመው ጥናት በስምንት ከተሞች፣ ማለት በቶሮንቶ፣ በኒው ዴልሂ፣ በአማን፣ በኦክላንድ፣ በማኒላ፣ በታንዛኒያዋ ኢፋካራ፣ በለንደንና በሲያትል፣ የሟቾች ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 መውረዱን ገለጸ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በ101 ሆስፒታሎች ዝርዝሩ በትእዛዝ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደተከተለ የመረመረ ጥናት ታተመ። የሟቾች ቁጥር ከመቶ 0.71 የነበረው 0.65 ሆነ፤ ይህም በስታቲስቲክስ ሚዛን ከቁም ነገር የማይገባ ለውጥ ነው። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ዝርዝሩ ከንቱ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ጥናቱ ዝርዝሩ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የተመለከተው ጥቂት ወራትን ብቻ ስለሆነ አይዳኝም አሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ከሁለቱም ሌላ ትምህርት ያገኝበታል። ሣጥን ውስጥ ምልክት ማድረግና ሰው ማነጋገር ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ናቸው፤ ትእዛዝ የሚያስገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የእኛ ጉዳይ የሆነው የአደጋ ጊዜ ዝርዝር ነው። በ2013 የታተመው የአሪያጋና የባልደረቦቹ ጥናት 17 የቀዶ ሕክምና ቡድኖችን በሲሙሌሽን፣ ማለት በማስመሰል ልምምድ፣ በ106 የቀውስ አጋጣሚዎች ፈተነ። ዝርዝር የያዙት መፈጸም ከሚገባቸው ቁልፍ እርምጃዎች ከመቶ 6ቱን ሲዘነጉ፣ ያለ ዝርዝር በትዝታ ብቻ የሠሩት ከመቶ 23ቱን ዘነጉ። ውጤቱ በአሻንጉሊት በሽተኛ ላይ የተገኘ እንጂ በሕያው ሰው ላይ የተገኘ አይደለም፤ ይህን መካድ አይገባም። አደጋዎቹ እጅግ ብርቅ ከመሆናቸው የተነሣ በሕያዋን ላይ ተመሳሳይ ጥናት ማካሄድ አዳጋች መሆኑንም መገንዘብ ያሻል። ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ የተባለውን፣ በአንዳንድ የሰመመን መድኃኒቶች የሚቀሰቀስና የሰውነትን ሙቀት በድንገት የሚያንር በሽታ ዕድሜ ልኩን አንድም ጊዜ ሳያይ ጡረታ የሚወጣ ሐኪም አለ።

ትዝታ ለምን እንደሚከዳ ለመረዳት አንድ መድኃኒት ብቻ መመልከት በቂ ነው። ልቡ ለቆመ ጎልማሳ አድሬናሊን የሚሰጠው በአንድ ጊዜ 1 ሚሊግራም፣ ማለት 1,000 ማይክሮግራም ነው። አናፊላክሲስ ለሚባለው ድንገተኛ የአለርጂ ቁጣ፣ ልቡ እየመታ ላለ በሽተኛ በደም ሥር የሚሰጠው መነሻ መጠን ግን ከ10 እስከ 100 ማይክሮግራም ነው። አካባቢያዊ ማደንዘዣ ወደ ደም ገብቶ ልብን ሲመርዝ ደግሞ በኪሎ ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ70 አያልፍም ማለት ነው። መድኃኒቱ አንድ፣ ሰዓቱም ያው የጭንቀት ሰዓት ሆኖ ሳለ ሦስቱ መጠኖች በአሥርና በመቶ እጥፍ ይራራቃሉ። ከልምምድ የተነሣ እጅ የሚሮጠው ወደ ለመደው መጠን ነው። እጁን የሚይዘው ዝርዝሩ ነው።

አንባቢው ማን ነው?

በ2005 ማርች 29 ቀን በእንግሊዝ አገር ኢሌን ብሮሚሊ የተባለች የ37 ዓመት የሁለት ልጆች እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ሰመመን ተሰጣት። የመተንፈሻ መንገዷ ተዘጋ። ልምድ ያካበቱ ሦስት ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ፤ ጊዜው ግን አለፈ። አንዲት ነርስ አንገትን ከፍቶ አየር ለማስገባት የሚያገለግለውን ዕቃ አምጥታ መዘጋጀቱን ተናግራ ነበር። ሌላዋ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ለማስያዝ ደውላ ነበር። የሁለቱም ድርጊት መደረግ ያለበትን እንደተረዱ ያሳያል፤ ሆኖም ንግግራቸው ሰሚ አላገኘም። ታካሚዋ ከ13 ቀናት በኋላ ሞተች። በሙያው የአየር መንገድ አብራሪ የሆነው ባለቤቷ ማርቲን ብሮሚሊ ቂም ከመያዝ ይልቅ ጉዳዩን ለማስተማሪያ አዋለው፤ በ2007ም በሕክምና ውስጥ የሰውን ባሕርይ የሚመረምር ማኅበር አቋቋመ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው እውቀቱ በክፍሉ ውስጥ እንደነበረ ነው። የጎደለው ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ሰው ከፍተኛውን የሚያዝዝበት ሕጋዊ አጋጣሚ ነው። የአደጋ ጊዜ ዝርዝር ትልቁ ሥነ ጽሑፋዊ ሥልጣን እዚህ ላይ ይገለጣል። ነርሷ ከራሷ አንደበት ብትናገር ድፍረት ይባልባታል፤ ከተጻፈው ብታነብ ግን የምትናገረው ጽሑፉ ነው። በ2012 የታተመ አንድ የማስመሰል ልምምድ ጥናትም፣ ሌላ ሥራ ሳይጨመርበት ዝርዝሩን ብቻ የሚያነብ ሰው በቡድኑ ላይ ሲታከል ቁልፍ እርምጃዎች በተሻለ ሁኔታ እንደሚፈጸሙ አሳይቷል። መሪው ራሱ ልያዘው ያለ እንደሆነ ግን ወይ ማንበቡን ይተዋል፣ ወይ መምራቱን ይተዋል።

የስክሪኑ ጸጋና ፈተና

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2012 በነፃ ያሠራጩት የአደጋ ጊዜ መመሪያ በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው፤ በስክሪንም ይገኛል። የጀርመን የሰመመን ሐኪሞች የሙያ ማኅበር ያወጣው ኢጌና ደግሞ ከመጀመሪያው ለስክሪን ታስቦ የተነደፈ ነው። ወረቀቱ ባትሪ አይጠይቅም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ሁሉም ያየዋል። ይሁን እንጂ አያሰላም፣ ጊዜም አይቆጥርም። ልብ ሲቆም ደረት የሚጫነው ሰው በየ2 ደቂቃው መለወጥ፣ አድሬናሊንም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ልዩነት መደገም አለበት። በዚያ ሁከት ውስጥ ደቂቃን አስተካክሎ የሚቆጥር ሰው ብርቅ ነው። ይህን ሥራ ለማሽን መስጠት ብልህነት ነው።

ስሌቱን ግን በጥንቃቄ እንየው። ለማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ የሚሰጠው ዳንትሮሊን መነሻ መጠኑ በኪሎ 2.5 ሚሊግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 175 ሚሊግራም ይሆናል። በቀድሞው ዝግጅቱ አንዱ ብልቃጥ 20 ሚሊግራም ስለሚይዝና በ60 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስለሚበጠበጥ፣ ዘጠኝ ብልቃጦችን አንድ በአንድ መበጥበጥ ያስፈልጋል። ማሽኑ «175 ሚሊግራም» ብሎ ቢያቆም ትክክል ነው፤ ሆኖም ረዳት አይደለም። አጋዥ የሚሆነው «ዘጠኝ ብልቃጥ፤ ሦስት ሰው ይበጥብጥ» ያለ እንደሆነ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ የቃል ማሳመሪያ አይደለም፤ የሥራ ድልድል ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሰው ክብደቱን በፓውንድ መናገር ልማዱ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝነው ሰው 154 ፓውንድ ነኝ ብሎ፣ ቁጥሩ እንዳለ በኪሎ ሣጥን ውስጥ ቢገባ ማሽኑ ያለ አንዳች ሐፍረት 385 ሚሊግራም ያዝዛል። ስለዚህ ስሌቱን የሚደብቅ ንድፍ የተወገዘ ነው። «70 ኪሎ በ2.5፤ 175 ሚሊግራም» ተብሎ በግልጥ ከተጻፈና ጮኾ ከተነበበ፣ ከቡድኑ አንዱ በሽተኛውን አይቶ ስሕተቱን ሊይዘው ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ትልቁ ፈተና ማሽኑ ራሱ አደጋውን ለይቶ ዝርዝሩን ይክፈት የሚለው ፍላጎት ነው። ነዳፊዎች ሁሉ ወደዚህ ይሳባሉ። እዚህም ላይ በረራ ያስተምረናል። በ2010 ኖቬምበር 4 ቀን ከሲንጋፖር የተነሣው የኳንታስ ኤ380 አውሮፕላን አንድ ሞተሩ ፈንድቶ ብዙ መስመሮቹ ተበጣጠሱ። የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ብልሽቶችን እየለየ ዝርዝር በላይ በላዩ ደረደረ፤ አብራሪዎቹ እርሱን ተከታትለው ለመጨረስ 50 ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። በአውሮፕላኑ ላይ የነበሩት 469 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። ለመትረፋቸው አንዱ ምክንያት አውሮፕላኑ በአየር ላይ እየዞረ ሊጠብቅ መቻሉ ነው። ኦክሲጅን ያጣ አንጎል 50 ደቂቃ አይጠብቅም። ከዚህም በላይ የማሽኑ ምስክርነት ራሱ አጠራጣሪ ነው። በጣት ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር ቁጥሩ ሲወርድ በሽተኛው እየታፈነ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ከጣቱ ተንሸራቶም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው በሽተኛውን የሚያይ ሰው ነው። ማሽኑ ዝርዝሮችን በአንድ ንክኪ ርቀት ያቅርብ፤ ስሙን ጠርቶ አደጋውን የሚያውጀው ግን ሰው ይሁን።

ስለ አቀራረቡ ከራሳችን የብራና ትውፊት የሚጠቅም ነገር አለ። በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስሞችና ለንባብ መነሻዎች ተለይቶ ይጠበቃል፤ ዐይን የሚያርፍበትን የሚያውቀው ቀዩ ጥቂት ስለሆነ ነው። በአንጻሩ ሁሉም መስመር የሚጮኽበት ስክሪን አንዱንም አያሰማም። በንባብ ቤትም ሕፃኑ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ ያነባል፤ ዐይኑ ቢባዝን እንኳ ስንደዶው ቦታውን ይጠብቅለታል። ጥሩ የስክሪን ዝርዝርም አንባቢው ቀና ብሎ ሲመለስ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ስንደዶ ያስፈልገዋል። በእጅ ስልክ ላይ ብቻ የሚከፈት ዝርዝር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንድን የጋራ ጽሑፍ ወደ ግል ንባብ ይለውጠዋል፣ አንባቢውንም ከቡድኑ ይነጥለዋል።

በአማርኛ ቢጻፍስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰመመን የሚሰጡት በአብዛኛው ሐኪሞች ያልሆኑ፣ ለዚሁ ሙያ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። በ2011 የተቋቋመው ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ፐልስ ኦክሲሜትር ከማዳረስ አልፎ፣ የዓለም የጤና ድርጅትን ዝርዝር መሠረት ያደረገ የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን መከላከያ መርሐ ግብር በአገሪቱ ሆስፒታሎች ሠርቷል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ዝርዝሩም በእንግሊዝኛ ቢሆን ምን አለበት የሚል አይጠፋም። ሆኖም ጽሑፉ ጮኾ የሚነበብ ከሆነ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው፣ ዕቃ የሚያቀብለው ጭምር፣ ሳይተረጉም ሊሰማው ይገባል። ስለዚህ ነገሩ በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም መጻፉ አይቀርም።

ያን ጊዜ ተርጓሚው እንግሊዝኛው ያላስጨነቀው ጭንቀት ይገጥመዋል። «ስጥ» ይበል፣ «ስጪ» ይበል ወይስ «ይስጡ»? ቋንቋችን ትእዛዝ በተናገርን ቁጥር የታዛዡን ጾታና ማዕረግ እንድንለይ ያስገድደናል። ወጣቷ ነርስ አንጋፋውን ሐኪም «ስጥ» ብላ ብታነብ ነውር ነው፤ ይሉኝታም አንደበቷን ይይዘዋል። «አድሬናሊን ይሰጥ» ቢባል ማንንም ሳይደፍር ያዝዛል፤ ነገር ግን «ርዳታ ይጠራ» ሲባል ሁሉም ሌላው ይጠራል ብሎ ሊቆም ይችላል። ያልተሰየመ ታዛዥ አይታዘዝም። የሚበጀው ሥራውን ከባለሥራው ጋር አስሮ በጥያቄና መልስ መጻፍ ይመስለናል፦ «ርዳታ የሚጠራው ማን ነው?» «እኔ።» «ተጠራ?» «ተጠርቷል።» ይህ አጻጻፍ አክብሮትን አይነካም፣ ኃላፊነትንም አያፈስም። ከ1935 ጀምሮ የበረራ ሰዎች በተግባር ካዳበሩት ጥያቄና መልስ ጋርም ይገጥማል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ በዚህ ዘርፍ የሚቀርቡልንን አዳዲስ ሥራዎች በምን እንመዝናቸው? ባላቸው የቀለም ብዛት ወይም ራሳቸው በሚወስኑት ውሳኔ መጠን ሊሆን አይገባም። በክፍሉ ውስጥ ዝቅተኛው ማዕረግ ያለው ሰው ያለ ፍርሃት ጮኾ ሊያነበው ይችላልን? ሰሚው አንድ ጊዜ ሰምቶ ይፈጽመዋልን? ስሌቱ በግልጥ ይታያልን? መብራት ቢጠፋ ወረቀቱ በቦታው አለን? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያለፈ ዝርዝር ሊመሰገን ይገባዋል፤ ያላለፈው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ወደ ነዳፊው ይመለስ።

በውጭ አገር ሆስፒታሎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የሰመመን ሐኪሞችና ነርሶች በየቀኑ በእነዚህ ጽሑፎች ይገለገላሉ። የቋንቋ ምሁራኖቻችን በበኩላቸው ስለ አማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ ብዙ ያውቃሉ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዲት ገጽ፣ ለምሳሌ የአናፊላክሲስን ዝርዝር ብቻ፣ ቢጽፉና በማስመሰል ልምምድ ቢፈትኗት፣ ስለ ቋንቋ ዕድገት ከምናካሂዳቸው ብዙ ጉባኤዎች የበለጠ ፍሬ ታፈራለች ብለን እናምናለን።